ሁለተኛዋ ስትመለስ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «የመንጋው እናት» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ሰዓሊው ነው። እሱ የዳይኖሰሮቹን ቆዳና ጥፍር ይስላል፤ እሷ ደግሞ ነፍስ ትዘራባቸዋለች። መቼ እንደሚግጡ፣ መቼ ውሃ እንደሚወርዱ፣ ምን ሲያዩ እንደሚደነግጡ፣ ማን ከማን ጎን እንደሚተኛ በኮድ የምትጽፈው እሷ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ነገር አታበዛም፤ ሥራዋን ግን እንደ ልጅ ነው የምታሳድገው።

ድርጅቱ ትንሽ ነው። ከአንድ የጎማ መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ዘጠኝ ሰው ተጠጋግቶ ይሠራል። በሞቃት ቀን መስኮት ሲከፈት የጎማው ሽታ ሽቅብ ይወጣና ከኮምፒውተሮቹ ሙቀት ጋር ይቀላቀላል። አራት ዓመት የለፉበት ጌም የዳይኖሰር መናፈሻ ነው። ተጫዋቹ መሬት ያጥራል፣ እንቁላል ያስፈለፍላል፣ ቅጠል በሉንና ሥጋ በሉን በየቦታው ያሰማራል፣ ጎብኚ ያስገባል። ጌሙ ሰው እጅ ከገባ ሁለት ወሩ ነበር፤ ሰውም ወዶታል። አንድ ነገር ግን ሁሉንም አስከፋ። ቅጠል በሎቹ ራሳቸውን መከላከል አያውቁም።

የተጫዋቾቹን ደብዳቤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ጮክ ብሎ የሚያነበው አለቃው ነው። የዚያን ሰኞ ያነበበው አጭር ነበር። «ትናንት አንዲት ባለ ሦስት ቀንድ እናት ልጇ አጠገቧ እየተበላ ሣር ስትግጥ አየሁ። ቀና እንኳን አላለችም። ጌሙን ዘጋሁት። መልሼ የምከፍተው አይመስለኝም።»

ማንም ወደ እሷ አላየም፤ ላለማየት መጠንቀቃቸው ግን ከማየት ባሰባት።

«ሦስት ሳምንት አለን» አለ አለቃው። «ማሻሻያ እናወጣለን ብለን ቃል ገብተናል። እንዲከላከሉ አድርጊልን። የሚያስፈልግሽን ጠይቂ።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው» አላት ሰዓሊው ሊያጽናናት። «አንድ ላይ አቁሚያቸው፣ አለቀ።»

አላለቀም። መጀመሪያ ቀንዳቸውን አጠነከረች፣ ቆዳቸውን አወፈረች። ማክሰኞ ቀትር ላይ ባለ ቀንዶቹ መናፈሻው ውስጥ የነበረውን ሥጋ በል ሁሉ ጨርሰው የጎብኚዎቹን መኪና እያሳደዱ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ከፍርሃት የተነሳ «ጌቶች» የሚለው ትልቁ ሥጋ በል ውሃ መውረጃው ዳር በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ሰዓሊው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በግ አሳድጊ ብንልሽ ሽፍታ አሳደግሽ!»

ቀጥላ ሩጫቸውን አፈጠነች። ሥጋ በሎቹ የሚይዙት አጥተው በረሃብ አለቁ። በሦስተኛው ሙከራ አዳኝ ሲመጣ ሃያዎቹም ክብ ሠርተው፣ ጥጆቻቸውን መሃል አድርገው፣ ቀንዳቸውን ወደ ውጭ እንዲያዞሩ አደረገች። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ እርምጃ ዞሩ። አለቃው እጁን አጣምሮ ብዙ አየው።

«ያምራል» አለ በመጨረሻ። «ግን ሰልፍ ነው። አንዳቸውም አልፈሩም። ያልፈራ ነገር ምኑን ይከላከላል?»

ቃሉ አብሯት ቤት ገባ።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ፣ ይኸው ሦስት ዓመት፣ አባቷ ከእሷ ጋር ይኖራሉ። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የስፌት መኪናቸው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል፤ በላዩ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ አለ። አባቷ ሠላሳ ዓመት የዱር እንስሳት ፓርክ ጠባቂ ሆነው ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ «ያው ጥበቃ ነው» ብለው ሬዲዮ ይከፍታሉ። እናቷም በሕይወት ሳሉ «አባትሽን ስለ ጫካ አትጠይቂው» ይሏት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን እሳቸውም የሚያውቁ አይመስሉም ነበር። ከፓርኩ የተሰጠ አንድ የምስጋና ደብዳቤ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። እናቷ በተቀበሩ በሳምንቱ አባቷ አውርደው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አቆሙት።

ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ አልጠየቀቻቸውም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን ላፕቶፗን ይዛ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላሳይዎትና ይፍረዱኝ።»

አባቷ መነጽራቸውን አጥልቀው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። መንጋው ይግጣል፤ ትልቁ ሥጋ በል ከዛፎቹ መሃል ወጣ፤ መንጋው ተበተነ፤ አንዱ ወደቀ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ዳይኖሰር ናቸው አባባ። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ።»

«አላውቃቸውም» አሉ አባቷ፣ ስለ ጎረቤት እንደተጠየቀ ሰው በቁም ነገር። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «የሚግጥ ፍጥረት ከሆነ ግን አውቃለሁ። ይሄ ውሸት ነው» አሉ።

«ምኑ?»

አባቷ ተነስተው የቁልፎቹን ቆርቆሮ አመጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ትልልቆቹን የካፖርት ቁልፎች ለብቻ፣ ትንንሾቹን የሸሚዝ ቁልፎች ለብቻ ለዩ። አብሯቸው የነበረውን የእናቷን የስፌት የጣት ቆብ ደግሞ ራቅ አድርገው አስቀመጡት። አንበሳው እሱ ነበር።

«አንደኛ ነገር፣ ያንቺዎቹ ሁሉም አጎንብሰው ነው የሚግጡት። ጎሽ እንዲህ አይግጥም። አንዱ ሲያጎነብስ አንዱ ቀና ይላል። ተማክረው አይደለም። ብቻ ሁልጊዜ የሆነ ዓይን ክፍት ነው።» የካፖርት ቁልፎቹን አንድ በአንድ ገለበጡ። «ሁለተኛ፣ መሮጥ ነውር የለውም። ማንም ቢሆን መጀመሪያ ይሮጣል። ግን እንደተደፋ ጥራጥሬ አይበተንም። ያረጁት ላሞች ከፊት፣ ጥጆቹ መሃል፣ ኮርማዎቹ ዳርና ኋላ ሆነው ነው።»

እሷ ትጽፋለች። አባቷ ይህን ያህል ሲናገሩ መቼ ሰምታ እንደምታውቅ ማስታወስ አልቻለችም።

«አሁን ጥጃ ተያዘ እንበል» አሉና የጣት ቆቡን አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ላይ ደፉት። «ጥጃው ይጮኻል። እናቱ ትሰማና ትመለሳለች። ብቻዋን ከሆነች ግን የትም አያደርስም። አንበሳው እናት መሆኗን ያውቃል። ወዲያና ወዲህ እያለ ያደክማታል፤ አንዳንዴ እሷኑ ይበላል።»

«ታዲያ የሚያድናቸው ምንድን ነው?»

አባቷ ጣታቸውን ሌላ የካፖርት ቁልፍ ላይ አኖሩ።

«ይቺ ናት። ሁለተኛዋ። የተያዘው ልጇ አይደለም። እግሯ ጤነኛ ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ የያዛት የለም። እሷ ከተመለሰች ሦስተኛው አያመነታም፤ አራተኛውም ይከተላል። ከዚያ በኋላ መሸሸጊያ የሚፈልገው አንበሳው ነው። አንዷ ስትመለስ እናት ናት። መንጋ የሚሆነው ሁለተኛዋ ስትመለስ ነው።»

«መሥሪያ ቤት ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉኛል።»

«ልክ ናቸው። ድሩ እስኪያብር ግን አንበሳው ይበላል።»

«ሁልጊዜ ትመለሳለች?»

«አትመለስም። ሲመለሱ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ያልተመለሱበትን አልቆጠርኩትም።»

«ያልተመለሰችውንስ መንጋው ምን ያደርጋታል?»

አባቷ ቁልፎቹን ወደ ቆርቆሮው መሰብሰብ ጀምረው ነበር። «ምንም። ሲመሽ አብራቸው ትተኛለች። ጎሽ ቂም አያውቅም» አሉና ሬዲዮውን ከፈቱ።

ሰኞ ሥራ ስትገባ ክቡን ሙሉ በሙሉ ሰረዘችው። ለእያንዳንዱ ቅጠል በል የፍርሃት ልክ ሰጠችው። የጥጃ ጩኸት ሲሰማ እናቲቱ ትቆማለች፤ ሌላው ሁሉ እየሮጠ ወደ ኋላ ያያል። አንድ ዘመድ ያልሆነ እንስሳ ዞሮ ከተመለሰ ደግሞ የሌሎቹ ፍርሃት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ያቺ ሁለተኛዋ ትዙር አትዙር ግን እሷ አልወሰነችም። ምን ያህል እንደምትቀርብ፣ ምን ያህል እንደደከማት፣ ከዚህ በፊት ምን እንዳየች፣ ሁሉም ተደምሮ እንዲወስን ተወችው።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሠራተኞቹ ወንበራቸውን ጎትተው ከኋላዋ ተሰበሰቡ። ጌቶች ጥጃዋን ያዘ። መንጋው ሸሸ። እናቲቱ ተመለሰች፤ ብቻዋን ቆማ አቧራ ጫረች። ከሩቅ አንዲት ያረጀች፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረ፣ ፍጥነቷን ቀነሰች። ቆመች። ዞረች። ከዚያ ሌላው ዞረ፤ ሌላው ቀጠለ፤ ሁሉም ተራ በተራ፣ እየፈሩ፣ እየተጋፉ ተመለሱ። ጌቶች ጥጃዋን ለቆ ወደ ኋላው አፈገፈገ። ሰዓሊው እንኳ ቀልድ አልመጣለትም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይሁን» አለ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ይሄን ነው የሚፈልገው።»

«ሁልጊዜ ከተመለሱ መመለሳቸው ምንም ማለት አይሆንም» አለችው። «ተጫዋቹ ትመለስ ይሆን ብሎ ልቡ መሰቀል አለበት።»

አለቃው ጥቂት አሰበና እንዳልሽ አላት።

ቅዳሜ ለአባቷ ልታሳይ ቸኮለች። ሁለት ጊዜ አስኬደችው፤ ሁለቱንም ጊዜ መንጋው ተመለሰ። አባቷ አንድ ጊዜ ብቻ «ይሄ እውነት ነው» አሉ። በሦስተኛው ሁለተኛዋ ቆመች፤ ግማሽ ዞረች፤ አየች። ከዚያ ሮጠች። ማንም አልተመለሰም። እናቲቱ ብቻዋን ስትታገል ጥቂት ቆየችና ነገሩ አለቀ።

አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው አጥፈው አስቀመጡት። ተነስተው ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉት። ምሳም አልበሉ፤ አሞኛል እንኳ አላሉም። እሷ በሩ ጋ ሁለት ጊዜ ሄዳ ሳታንኳኳ ተመለሰች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወጥተው ከፊቷ ተቀመጡ። ተላጭተዋል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ እንግዳ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

«ግድግዳው ላይ የነበረው ደብዳቤ ምን እንደሚል ታስታውሻለሽ?»

ታስታውሳለች። ልጅ ሆና ማንበብ የተለማመደችበት ነው። ባልደረባው በጎሽ መንጋ በተጠቃ ጊዜ ከጎኑ ሳይለይ እስከ መጨረሻው ለታገለ፣ መሣሪያው ቢከዳውም ወኔው ላልከዳው ጠባቂ ይላል።

«መሣሪያው አልከዳኝም» አሉ አባቷ።

ከዚያ ነገሯት። ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎታል። እሳቸውና ባልደረባቸው ወንዝ ዳር ሲቃኙ አንዲት የጎሽ ጥጃ ሕገ ወጥ አዳኞች ያጠመዱት ሽቦ ውስጥ ገብታ አገኙ። ሽቦው እግሯን በልቶታል። ባልደረባቸው ጠመንጃውን አስቀምጦ፣ ጉጠቱን አውጥቶ ተንበረከከ። የእሳቸው ድርሻ መሣሪያቸውን ይዘው ዙሪያውን መጠበቅ ነበር። ጥጃዋ ስትነካ ጮኸች። ከሸምበቆው ውስጥ እናቲቱ ወጣች።

«እናቲቱ ብቻ ብትሆን ወደ ሰማይ ብተኩስ ትሸሽ ነበር። ልተኩስም ደግኜ ነበር። ከኋላዋ ሁለተኛዋ መጣች። ከዚያ ሸምበቆው በሙሉ ተነቃነቀ።» አባቷ የሸሚዛቸውን እጅጌ ጎተቱ። «እግሬ አውጪኝ አልኩ፣ ልጄ። ዛፍ ላይ ወጣሁ። ጠመንጃው ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ጥይት ጎርሶ ነበር። ከዛፉ ላይ ሆኜ አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ብለቅ ይበተኑ እንደነበር አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። እጄ ግን ቅርንጫፉን አልለቅም አለኝ።»

«እሱስ?»

«ሽቦውን ቆርጦ ጨርሶ ነበር። ጥጃዋ ሄደች። እሱ ግን ቀረ።»

ከታች መንገድ ላይ አንድ ሰው የመኪና በር ሁለት ሦስት ጊዜ ዘጋ፤ አልገጠም ብሎት ይመስላል።

«ለመሥሪያ ቤቱ መሣሪያዬ ነክሶ አልተኩስ አለኝ ብዬ ተናገርኩ። እነሱም አመኑ። ከዚያ ደብዳቤው መጣ።»

«እናቴ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። ደብዳቤውን ስትሰቅል ሚስማሩን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።»

«ያኔ ወጣት ነበሩ» ወይም «ማንም ቢሆን ይሮጣል» ልትላቸው ፈለገች። ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን ተወችው። ሳምንቱን ሙሉ በጥንቃቄ የጻፈችው ሁሉ፣ ሠራተኛውን ሁሉ ዝም ያሰኘው መመለስ፣ ከዚያ ዛፍ ላይ የታየ ነው። ተናደደች። ባለ ደብዳቤው አባቷ አንድ ጊዜ የሞቱ ያህል አዘነች። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታውቃቸው ሰው መሰሏት። እጃቸውን ያዘች።

«ሁለተኛዋ ጎሽ ተመለሰች» አሉ አባቷ። «የሷ ጥጃ አልነበረችም። እኔ ግን ለገዛ ጓደኛዬ አልተመለስኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖርኩ። ትናንት ያቺ ግማሽ ዞራ ስትሮጥ ሳይ ግን አልቻልኩም። ባለቤቱ እዚሁ ከተማ አለች። ያን ሰፈር ሠላሳ አንድ ዓመት አልረገጥኩትም።»

«ልውሰድዎት?»

«ልሄድ ብዬ ነው የነገርኩሽ።»

ረቡዕ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠየቀች። የሟቹ ባለቤት የሚኖሩት አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የአባቷ ጉልበት ከታመመ ቆይቷል፤ በየፎቁ መታጠፊያ እየቆሙ፣ የደረጃውን ብረት እየጨበጡ ወጡ። እሷ ልትደግፋቸው ስትል እጇን ቀስ አድርገው መለሱት።

በሩን የከፈቱት ሴትዮ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ። ጥቂት አዩአቸውና ፊታቸው በራ።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት? ምነው እንዲህ ጠፉብኝ? ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ።» ወደ እሷ ዞሩ። «ልጃቸው ነሽ? አባትሽ እኮ ከባለቤቴ ጎን እስከ መጨረሻው የቆሙ ሰው ናቸው። ልጄን የአባትሽን ስም እየነገርኩ ነው ያሳደግኩት።»

መደርደሪያው ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶግራፍ አለ፤ ጆሮው ሰፊ፣ ሊስቅ ሲል የተነሳ። ሴትዮዋ ወንበር ሳቡላቸው። አባቷ አልተቀመጡም።

«እህቴ፣ ቁሜ ልናገር» አሉ።

ተናገሩ። አላስረዘሙትም፣ አላሳመሩትም። ጉጠቱን፣ ጥጃዋን፣ ዛፉን፣ ያልተተኮሰውን ጥይት፣ የውሸት ቃሉን። ሲጨርሱ ሴትዮዋ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ቆመው ነበር።

«ተጣራ?» አሉ።

አባቷ ዓይናቸውን ወደ ፎቶግራፉ መለሱ።

«እጠይቅሃለሁ። ተጣራ ወይ?» እርስዎ ማለት ቀርቶ ነበር።

«አዎ።»

«ምን ብሎ?»

«ሁለት ጊዜ ስሜን ጠራ። ከዚያ…» አባቷ ግድግዳውን አዩ። «ከዚያ ያንቺን ስም ጠራ። አንድ ጊዜ። እንደ ጩኸት አልነበረም፤ ከጓዳ ሰው እንደሚጣራ ነበር።»

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የጣታቸውን ቀለበት ብዙ ጊዜ አዞሩት።

«ወዲያው ነው ያለፈው፣ ምንም አልተናገረም ነበር ያሉኝ» አሉ። «ስንት ዓመት ምነው አንድ ቃል እንኳ ብዬ ፈጣሪን ጠየቅኩ። ቃሉ ለካ አንተ ዘንድ ነበር።» ድምፃቸው አልጨመረም። «መሮጥህን ይቅር እላለሁ። ሰው ነህ፤ እኔም ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ስሜን ደብቀህ መያዝህን ግን ዛሬ ይቅር ማለት አልችልም። ሂድልኝ።»

አባቷ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ አንድም ቦታ አልቆሙም።

ማሻሻያው በዚያው ሳምንት ዓርብ ወጣ። እሷ የሁለተኛዋን ዕድል አልነካካችውም፤ አንድ ነገር ብቻ ጨመረችበት። ሳትመለስ የሸሸችው ቅጠል በል መንጋው ሲረጋጋ ትመጣለች፤ ጥቂት ቀን ዳር ዳሩን ትግጣለች፤ ማንም አያባርራትም፤ ቀስ በቀስ ወደ መሃል ትገባለች። ሰዓሊው ለዚህ ለምን ሁለት ቀን ሙሉ እንዳጠፋች ሲጠይቃት «እንዲህ ስለሚሆን ነው» ብላ አለፈችው። በሚቀጥለው ሰኞ ከተነበቡት ደብዳቤዎች አንዱ፣ በአንዷ ፈሪ ባለ ቀንድ ተናድዶ ከመናፈሻው ሊያስወጣት ስም ዝርዝር ውስጥ ካስገባት በኋላ ሐሳቡን ከለወጠ ተጫዋች የመጣ ነበር። ለምን እንደለወጠ ራሱም አላወቀውም።

አባቷ በበኩላቸው የሆነውን ሁሉ በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ከምስጋናው ደብዳቤ ጋር ይዘው ወደ ፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ሄዱ። ጠረጴዛው ጀርባ የነበረችው ወጣት ሠራተኛ ሁለት ጊዜ አነበበችው። የተጻፈው ከመወለዷ በፊት ስለሆነ ነገር ነው።

«አባቴ፣ ይሄ የሚመራው ወደ የትኛው ክፍል ነው?» አለቻቸው ግራ ገብቷት።

«እንጃ ልጄ። ብቻ ከባልደረባዬ መዝገብ ጋር ይቀመጥ።»

የገባበትን ቀን ማህተም መታችበትና ተቀበለቻቸው።

በሚቀጥለው ረቡዕ አባቷ ብቻቸውን አራት ፎቅ ወጥተው የሴትዮዋን በር አንኳኩ። ውስጥ የእግር ኮቴ ነበር፤ በሩ ግን አልተከፈተም። «እኔ ነኝ» አሉና ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀምጠው ወረዱ። በሳምንቱም ሄዱ። ልጃቸው ይቅርብዎት አለቻቸው፤ ሴትዮዋን ማስጨነቅ እንዳይሆን ፈርታ ነበር። «አትምጣ ካለችኝ እቀራለሁ» አሉ። «እስካሁን አላለችም።»

በአራተኛው ረቡዕ በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ግባም አላሉ፣ ተቀመጥም አላሉ፤ በእጃቸው ግን ለአባቷ የሚሆን ወንበር ይዘው ነበር።

«ከጠዋቱ ጀምረህ ንገረኝ» አሉ። «ሲነሳ ምን አለ? ምን በላ? መንገድ ላይ ምን አወራችሁ? አንድም ሳትዘል።»

አንድ ቀን አልበቃውም። አባቷ ያን ጠዋት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሸሹት ስለኖሩ አንድም ነገር አልጠፋባቸውም። ባልደረባቸው ጫማውን ሲያስር ማሰሪያው ተበጥሶበት በገመድ እንደተካው፣ ጨው የሌለው ቂጣ በልቶ እንዳማረረ፣ ልጁ ጥርስ አውጥቷል ብሎ ሲኩራራ እንዳረፈደ፣ ሁሉንም ነገሯቸው። ሴትዮዋ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ አስደገሟቸው። ስለ ጥርሱ ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ብዙ ቆዩ። ስለ ይቅርታ ግን ዳግመኛ ማንም አላነሳም።

ዝናብ በጀመረበት ሰሞን የአባቷ ጉልበት አበጠ። ሐኪሙ ደረጃ ከለከላቸው። ረቡዕ ሲደርስ ግን ለብሰው በሩ ጋ ቆሙ፤ ልጃቸውም አመጣቻቸው። ሕንፃው በር ውስጥ ካለው የሲሚንቶ መደብ ላይ አስቀምጣቸው፣ ዛሬ መውጣት እንዳልቻሉ ልትናገር አራቱን ፎቅ ወጣች።

ሴትዮዋ ሰሟት። ወደ ውስጥ ገቡና አንድ ትራስ ይዘው ወጡ። በሩን ቆለፉ፤ ብረቱን ይዘው አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። እሷም ከኋላቸው ወረደች።

መደቡ ጋ ሲደርሱ አባቷ ሊነሱ ሞከሩ። ሴትዮዋ በእጃቸው ተው አሏቸው። ትራሱን መደቡ ላይ አደረጉና ከጎናቸው ተቀመጡ፤ ደረጃው ያቆራረጠው ትንፋሻቸው እስኪረጋ ጠበቁ።

«የት ደርሰን ነበር?» አሉ።

«ወንዙ ጋ።»

«በል ቀጥል።»